መሰንቆ ለማን ይመታል?



በዚህ እትም የምጽፈው ስለ አንድ ሰርግ ነው። ሰርጉ ካለፈ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ ከቦኖው ሰልፍ ላይ አልጠፋም። የካምፓችን የኪነት ቡድን መሰንቆ መቺ፣ ብዙዎቻችን «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው ሰው፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ባለው ብሎክ በተደገሰ ሰርግ ላይ እንዲጫወቱ ተጠሩ። ሄዱ፤ እስኪነጋም ተጫወቱ። ሙሽራውና ዘመዶቹ በአገር ቤቱ ጦርነት ከእኛ ወገን ጋር የተዋጋው ወገን ልጆች ናቸው። የወገኖቹን ስም እዚህ አልጽፍም። ሁላችንም እናውቃለን፤ ስም ሲጠራ ደግሞ ጆሮ ይዘጋል።

በማግስቱ ቡና ሲፈላ ለጋሼ ስኒ አልተቀዳላቸውም። ልጃቸው በዚያ ጦርነት የቀረባቸው እናት «ደማችን ሳይደርቅ ለእነሱ ዘፈነ» አሉ። ማንም መልስ አልሰጣቸውም። ሽማግሌዎች ነገሩን ለማየት በተቀመጡ ጊዜ እኔንም ጠርተው «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ አስተያየትህን ስጥ» አሉኝ። እኔም «ጉዳዩ በጥልቀት ሊታሰብበት ይገባል» ብዬ ተቀመጥሁ። ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደ ሆነ እኛ መምህራን እናውቀዋለን፤ ትምህርቱን ያላጠና ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ የሚጽፈው መልስ ነው። ጋሼ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና አንገታቸውን ደፉ። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት መናገር ሲገባኝ ያልተናገርሁት ነው።

ለመሆኑ አንድ የሕዝብ ሙዚቀኛ ለማን ሊጫወት ይገባዋል? ለወገኑ ብቻ ነውን? ወይስ ለጠራው ሁሉ? ከሌላ ሕዝብ ሙዚቀኞች ጋር በአንድ ቡድን ሲቀመጥስ የራሱን ይከዳልን?

በቅድሚያ የከሳሾቹን ቃል ሳልቀንስ ላስቀምጥ። ሦስት ክሶች ሰምቻለሁ። አንደኛው «እንጀራ ባለበት ሁሉ ይዘፍናል፤ ወገን የለውም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ዘፈን የሕዝብ ንብረት ነው፤ አንድ ሰው ተነሥቶ ለባዕድ ሊሰጠው አይችልም» ይላል። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው የእናቲቱ ክስ ነው፤ ሐዘን ባለበት ቤት ዝምታ ይገባል የሚል።

ከመጀመሪያው ልነሣ። አዝማሪ የሚለው ቃል በአገራችን ስድብ ሆኖ ኖሯል። እኔ ባደግሁበት ሰፈር አንድ ልጅ መሰንቆ ሲነካካ ከታየ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ተብሎ ይገሠጽ ነበር። ሰርግ ሲደርስ ግን ያው የተናቀው አዝማሪ ይፈለጋል፤ እሱ የሌለበት ደስታ ደስታ አይመስለንም ነበር። አዝማሪውም በበኩሉ ያበላውን እያመሰገነ፣ በዚያው ዜማ ውስጥ በሰምና ወርቅ ይወቅሰው ነበር። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)፣ አርበኛውን በዜማ ያበረታቱ አዝማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ በሰው ገበታ መብላትና ወገንን መሸጥ አንድ አይደሉም። ደግሞስ እኛ ማን ነን? የሬሽን ካርዳችንን ይዘን የምንሰለፍ፣ ዱቄቱ ከየት አገር እንደ መጣ ከከረጢቱ ላይ የምናነብ ሰዎች፣ ሌላውን በእንጀራው ልንነቅፈው አንችልም። ጋሼ ከዚያ ሰርግ ይዘው የተመለሱት ለልጆቻቸው የሚሆን ዘይት ነው።

ሁለተኛው ክስ ከፊተኛው ይከብዳል፤ እውነትም አለበት። ሰው ቤቱንና ከብቱን ጥሎ ሲሰደድ ድንበር ላይ ተፈትሾ የማይወሰድበት ዕቃ ዘፈኑ ብቻ ነው። ያችን የቀረች ሀብት ይዞ አንዱ ወደ ሌላው ሰፈር ሲሄድ ማየት ያስፈራል፤ እንዳታልቅ እንሰጋለን። ነገር ግን ዘፈን እንደ ዱቄት ነውን? ለጎረቤቴ አንድ ኪሎ ዱቄት ብሰጥ ከእኔ አንድ ኪሎ ይጎድላል። አንድ ዜማ ባስተምረው ግን ዜማው በሁለት ቤት ያድራል።

ለዚህ ምስክር አለኝ። በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የተባለ የባህል ሙዚቃ ቡድን ተቋቋመ። ያቋቋመው ካይሮ ተወልዶ ያደገ ሐሊም ኤል-ዳብ የሚባል የሙዚቃ ደራሲ ነበር። ከዚያ በፊት ክራሩ፣ መሰንቆው፣ ዋሽንቱ፣ እምቢልታውና በገናው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታና ጊዜ ነበራቸው፤ በአንድ መድረክ ተሰብስቦ መጫወት ልማዳቸው አልነበረም። ከ1966 ጀምሮ ቡድኑን የመራው ተስፋዬ ለማ ነው። በዚያው ዘመን ቻርልስ ሰተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ከጌታመሳይ አበበ ሥር ቁጭ ብሎ መሰንቆ ተማረ፤ ከቡድኑም ጋር ተጫወተ። በ1969 ከቡድኑ የተውጣጡ ሙዚቀኞች ወደ አሜሪካ ተሻግረው መሰንቆና ክራሩን ለዚያ አገር ሕዝብ አሰሙ። ቡድኑ በ1975 ተበተነ፤ ተስፋዬ ለማም በኋላ ተሰዶ በ2013 በአሜሪካ ምድር አረፈ። አሁን እንጠይቅ፤ ግብፅ የተወለደ ሰው ስለ ሰበሰበው፣ አሜሪካዊም ስለ ተማረው፣ መሰንቆ ከኢትዮጵያ እጅ ወጣን? አልወጣም። ከተቀዳውና ከተማረው የተነሣ ዛሬም ይሰማል።

ከእነዚያ መሣሪያዎች መካከል ስለ እምቢልታ አንድ ነገር ልበል። እምቢልታ የሚነፉት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው አንዱ ሲያቆም ሌላው፣ ሌላው ሲያቆም ሦስተኛው በተራ ሲነፋ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱም «ዜማው የእኔ ነው» ሊል አይችልም፤ ብቻውን ቢነፋ ጩኸት እንጂ ዜማ አይሆንለትምና።

ይሁን እንጂ አብሮ መቆም ሁሉ አብሮ መጫወት አይደለም። ይህንን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። በየዓመቱ ጁን 20 የስደተኞች ቀን ሲከበር እንግዶች ይመጣሉ፤ የኪነት ቡድኑም መድረክ ላይ ይወጣል። ባለፈው ዓመት ፕሮግራሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። ለእያንዳንዱ ሕዝብ አምስት አምስት ደቂቃ ሰጠሁ፤ ሰዓቱን በእጄ ይዤ ቆምሁ። የአንዱ አምስት ደቂቃ ሲያልቅ ይወርዳል፤ ሌላው ይወጣል። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ፎቶግራፍ አነሡ፤ «የባህሎች አንድነት» ተባለ። ከመድረኩ ጀርባ አንድ የደቡብ ሱዳን ልጅ የእኛን ክራር ተመልክቶ እጁን ዘረጋ። እኔም «ተራህ አይደለም» ብዬ መለስሁት።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለሁ «ተማሪ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዕውቀት ትምህርት ቤት በር ላይ አታስጥሉት» የሚል ትምህርት በደብተሬ ጽፌ ነበር። ፈተናውን አለፍሁ፤ ትምህርቱን ግን የተማርሁት ያን ቀን ከጋሼ ነው። ልጁን ጠርተው ክራሩን ሰጡት። ልጁም እንደ አዋቂ አቀፈው። «በእናቴ አገር ይህ ቶም ይባላል» አለ።

እውነቱን ነው። የክራር ዘመዶች ብዙ ናቸው። በደቡብ ሱዳን ቶም አለ። በሱዳንና በኑቢያ ታምቡር ይባላል። በግብፅ በስዌዝና በፖርት ሰዒድ ሲምሲሚያ አለ። በኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ ሉዎዎች ስምንት አውታር ያለው ኛቲቲ አላቸው፤ በኡጋንዳ ደግሞ ኤንዶንጎ አለ። ሁሉም ድምፁን የሚያጎላ ገበቴ፣ ሁለት ክንድ፣ ከላይ የተጋደመ እንጨትና የተወጠሩ አውታሮች አሏቸው። በካርታ ላይ ብናያቸው የአንድ ወንዝ ዳርቻ ይመስላሉ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ማደሪያ የሌለው ሁሉ የሚይዘው ግንድ አያጣም።

በዚሁ ወንዝ ስም በ2011 አንድ ሥራ ተጀመረ። ሚና ጊርጊስ የሚባል ግብፃዊ የሙዚቃ ምሁርና መክሊት ሐደሮ የምትባል አዲስ አበባ ተወልዳ በሕፃንነቷ ከቤተሰቧ ጋር ተሰዳ አሜሪካ ያደገች ድምፃዊት «ናይል ፕሮጀክት» ያሉትን አቋቋሙ። የዓባይ ተፋሰስ አገሮችን ሙዚቀኞች መሰብሰብ ነበር ዓላማቸው። በጃንዋሪ 2013 አስዋን ላይ መጀመሪያ ተገናኙ። ዘመኑን አስቡት። የታላቁ የህዳሴ ግድብ ሥራ በኤፕሪል 2011 ተጀምሯል፤ ኢትዮጵያና ግብፅ በውኃው ይካሰሳሉ። ሙዚቀኞቹ ግን ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ የቅኝት ችግር። የግብፁ ዜማ በግማሽና በሙሉ ድምፅ መካከል የሚወድቅ ርቀት አለው። የእኛ ክራር በትዝታም ቢቃኝ በባቲ፣ በአምባሰልም በአንቺ ሆዬ፣ የሚቆመው በአምስት ድምፅ ላይ ነው። የአንዱ ትክክለኛ ድምፅ ለሌላው ጆሮ የተሳሳተ ይመስላል። እንግዲህ ምን ይደረግ? «ያንተ ስሕተት ነው» ቢባባሉ ዘፈን የለም። ቁጭ ብሎ የሌላውን ጆሮ መማር ግድ ሆነ። ተማሩም፤ አብረውም ተጫወቱ፤ የተጫወቱትም በዚያው ዓመት በአልበም ወጣ።

በዚያው ዓመት በጁን ወር የግብፅ ፖለቲከኞች ስብሰባቸው በቴሌቪዥን በቀጥታ እየተላለፈ መሆኑን ሳያውቁ ግድቡን ስለ ማሰናከል ሲመክሩ ዓለም ሰማቸው። ግድቡ በሴፕቴምበር 2025 ሲመረቅም ክርክሩ አልተዘጋም ነበር። ስለዚህ ሙዚቃ ውኃ አካፍሏል ብዬ አላታልላችሁም። ሙዚቀኞቹ ያሳዩን ሌላ ነገር ነው። የሌላው ድምፅ ስሕተት ሳይሆን ሌላ ቅኝት መሆኑን መለየት ይቻላል፤ መለየት የሚችለው ግን የራሱን ቅኝት አጥብቆ የያዘ ሰው ነው። የራሱን የማያውቅማ ምኑን ይቃኛል?

እዚህ ላይ አንድ የፍትሕ ጥያቄ ይነሣል። ማን ወደ ማን ይቃኛል? በየሰርጉ እንደምናየው ኪቦርድ የመጣበት ቡድን ውስጥ ሁልጊዜ የሚቃኘው መሰንቆው ነው። ኪቦርዱ ከፋብሪካ የወጣበትን ድምፅ ይዞ ይቀመጣል፤ መሰንቆው አንዲቷን ጭራውን ጠምዝዞ ይከተለዋል፤ በድምፅና በድምፅ መካከል የነበረውን የራሱን ልቅሶ ይተዋል። «መቃኘት» እና «ቅኝ መገዛት» በድምፅ ይቀራረባሉ። አንዱ ብቻ ሁልጊዜ ጆሮውን የሚያዞር ከሆነ ያ መቃኘት አይደለም፤ ቅኝ መገዛት ነው። ዛሬ እኔ ወደ አንተ፣ ነገ አንተ ወደ እኔ ስንሆን ግን ባልንጀርነት ነው። ይህ ለዘፈን ብቻ አይደለም። በዚህ ካምፕ በየስብሰባው የማን ቋንቋ ይነገራል? ማንስ ነው ሁልጊዜ አስተርጓሚ የሚፈልገው? አስቡት።

ሁሉም ነገር ይቀላቀል ማለቴም አይደለም። ዐሥር አውታሮች ያሉት በገና ለጸሎትና ለንስሐ ነው፤ በዐቢይ ጾም የሚደረደርበት ቤት አለው። በኦርኬስትራ መካከል ገብቶ ነበር፤ ሆኖም ወደ ጭፈራ ቤት ይግባ ቢባል እኔም አልስማማም። ሌሎችም ሕዝቦች የየራሳቸው በገና ይኖራቸዋል። ቅልቅል ቅንነት የሚሆነው ሌላው «ይህችን ተውልኝ» ሲል የሚሰማ ሲኖር ነው።

አሁን ወደ እናቲቱ ክስ እመጣለሁ። ከሐዘን ጋር መከራከር ነውር ነውና በፍርሃት እጽፋለሁ።

መሐመድ ዋርዲን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1932 በኑቢያ ሰዋርዳ ተወለደ። ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት መምህር ነበር፤ በ1957 ወደ ካርቱም ሄዶ በኦምዱርማን ሬዲዮ መዝፈን ጀመረ። በዓረብኛም በኑብኛም ዘፈነ። በ1971 ከከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ታሰረ፤ ከ1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ተሰደደ። በዚያ ወራት ጋምቤላ ውስጥ ወደነበረው የኢታንግ ካምፕ መጥቶ ከደቡብ ሱዳን ለተሰደዱ ሰዎች ዘፈነ። አድማጮቹን አስቡ። ያሳደዳቸው የካርቱም መንግሥት ነው። የሚዘፍንላቸው ሰው ከሰሜን የመጣ ነው፤ የሚዘፍንበት ቋንቋም ያሳደዳቸው መንግሥት ቋንቋ ነው። እነሱ ደማቸው ደርቆ ነበርን? አልደረቀም፤ ጦርነቱ እስከ 2005 ቀጥሏል፤ በ2011ም አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። ሰውዬው ግን የመጣው የመንግሥቱን ጦር ሊያወድስ አልነበረም። ራሱም በዚያ መንግሥት ተሰዷል። ያደመጡትም ይህንን ለይተው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ለማን ተጫወተ?» ሳይሆን «ምን ተጫወተ?» መሆን አለበት ማለት ነው። እኛ ይህንን ጋሼን አልጠየቅናቸውም። እኔ ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። እንዲህ ብለው ነገሩኝ።

«እኩለ ሌሊት ላይ ጎረምሶቹ ፉከራ ምታልን አሉኝ። መሰንቆዬን ጭኔ ላይ አስተኛሁና ‹የጠራችሁኝ ለሰርግ ነው፤ ለጦር ብትጠሩኝ አልመጣም ነበር› አልኋቸው። ዝም አሉ። አንዲት ባልቴት ግን ተነሥተው በራሳቸው ቋንቋ የሙሽራ ዘፈን ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ጭራዬን አላልቼ ወደ እሳቸው ወረድሁ። ሲጨርሱ ‹አሁን ደግሞ የአገርህን አሰማን› አሉኝ። አሰማሁ። እሳቸውም በጭብጨባ ተከተሉኝ።»

ቀጥለው የተናገሩት ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። «መምህር፣ የሚጸጽተኝ እሱ አይደለም። ባለፈው ዓመት በእኛ በዓል ላይ ፉከራ አምጣ ስትሉኝ እንቢ አላልሁም። እስኪነጋ መታሁ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሕፃናት ሲሰሙ አድረዋል።»

ውድ አንባቢ፣ ያን ሌሊት እኔም ነበርሁ። አጨብጭቤያለሁ። ያኔ ማንም «ደም ሳይደርቅ» አላለም፤ ማንም ስኒ አልነሣቸውም። ከጠላት ሙሽራ ጋር ደስ ሲላቸው ከሰስናቸው፤ ለእኛ ሞትን ሲያወድሱ ግን አመሰገንናቸው። ታዲያ የትኛው ነው ሙያን መሸጥ?

የደረስሁበት ይህ ነው። ሙዚቀኛ ለጠራው ሁሉ ደስታና ሐዘን መጫወት ይችላል፤ የሰው ደስታና ሐዘን ወገን የለውምና። የሰው መግደልን ግን ለማንም ሊያወድስ አይገባውም፤ ለባዕድም፣ በተለይም ለወገኑ። ለባዕድ እንቢ ማለት ይቀላል። ለወገን እንቢ ማለት ግን ስኒ ያስነሣል።

ለእናቲቱም በአክብሮት እላለሁ። እናቴ፣ ወደዚያ ሰርግ ይሂዱ፣ ዘፈኑን ይውደዱ የሚልዎ ሰው ቢኖር እኔ ከእርስዎ ጋር እቆማለሁ። ሐዘን የራሱን በር የመዝጋት መብት አለው። የጎረቤትን በር የመዝጋት መብት ግን ያለው አይመስለኝም። እርስዎ ቤት ባለበት አቅጣጫ ያን ሌሊት ዘፈን እንዳይሰማ ጋሼ ድንኳኑ ውስጥ በወዲያኛው ጥግ መቀመጣቸውን ግን አላወቁም ይሆናል። እኔም ያወቅሁት ስጠይቅ ነው።

የሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ቡና ይፈላል። የመጀመሪያው ስኒ የጋሼ ነው፤ በሽማግሌዎቹ ፊት ያልተናገርሁትንም በፊታቸው እናገራለሁ። ለመጪው ጁን 20 ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰው ከተፈለገ ደግሞ ሰዓት ሳልይዝ ልሥራው። ቶም የሚያውቀው ልጅ ክራር ይዞ ከጋሼ አጠገብ ይቀመጥ። እስኪቃኙ ድረስ እንግዶቹ ይጠብቁ።

በዚህ የማይስማማ አንባቢ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ። ወረቀት ያጠረው ከእኔ ይውሰድ።